ጫፍ የሌለው ክር

መቀሱ በራውዳ እጅ ነው፤ እጇ ግን አልታዘዝ ብሏታል።

ከፊቷ፣ ትንሿ ወንበር ላይ፣ የስድስት ዓመቷ ጽናት አፏን መዝጋት አቅቷት፣ ለሐጯ በአገጯ እየወረደ ታለቅሳለች። በሁለት የኋላ ጥርሶቿ መካከል የተቀረቀረ ጥቁር ክር በከንፈሯ ጫፍ ወጥቶ፣ በጆሮዋ ሥር ዞሮ፣ አንገቷን ሰንጎ ይዟል። በተንሰቀሰቀች ቁጥር ክሩ ይጠብቃል፤ በጠበቀ ቁጥር ድዷ ይደማል። ሌላ ክር ቢሆን ኖሮ ራውዳ ወዲያው ቆርጣ በገላገለቻት ነበር። ይህ ግን ማተብ ነው። ጽናት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሳች ወዲህ አንገቷ ያለ ማተብ ውሎ አያውቅም። ራውዳ ደግሞ ሙስሊም ናት።

እንግዲህ ፍረዱ።

መምህርት ራውዳን በመንዝ፣ ቀየት አካባቢ የማያውቃት የለም። ከደጋው ቁልቁለት ሥር ባለች ሞቃት የንግድ ከተማ፣ ከጨርቅ ነጋዴው ከባድሩ ቤት ተወልዳ፣ ኮሌጅ ስትጨርስ ዕጣዋ የመንዝ ብርድ ላይ ጣላት። የተመደበችው ከቀየት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ኦ-ክፍል ነው፤ አንደኛ ክፍል ያልደረሱ ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩበት። የመጀመሪያው ዓመት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ ስትንቀጠቀጥ ያዩ ሰዎች «ይቺማ ክረምቱን አትከርምም» ብለው ተወራርደውባት ነበር። ይኸው አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ብርዱን ለመደችው፤ ሰውም ለመዳት። ለበዓል ሲጠሯት ትሄዳለች። የሥጋውን ነገር እነሱም አያስገድዷት፣ እሷም አትቀየማቸው፤ ሽሮዋን በልታ፣ ተጫውታ፣ መርቃ ተመርቃ ትመለሳለች።

አንድ አመል ግን አላት፤ ሰው ሲያስቃት በግራ እጇ አፏን ትሸፍናለች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ በአባቷ ሱቅ ከረሜላ ስትቆረጥም ያበሰበሰቻቸውን ሦስት ጥርሶች የጎረቤት ቆርቆሮ ሠሪ በፒንሳ ነቅሎላታል። ማደንዘዣ የለ፣ ምን የለ፤ ሁለት ሰው እጅና እግሯን ይዞ ነው። የብረቱ ጣዕም ዛሬም ምላሷ ላይ እንዳለ ትናገራለች።

ስለዚህ ኦ-ክፍል ገብታ የአርባ አንድ ሕፃናትን አፍ ባየች ጊዜ ፊደሉ ሁለተኛ ሆነባት። መንዝ የገብስ አገር ነው። የልጁ ሁሉ ኪስ ቆሎ አያጣም፤ የገብሱ ገለፈት ደግሞ በጥርስና በጥርስ መካከል ከተሰካ ያድራል፣ ይሰነብታል፣ ያቆስላል። መፋቂያ የፊት የፊቱን ያነጣዋል እንጂ እዚያ ድረስ አይገባም። ጉንጫቸው አብጦ፣ በሻሽ ታስሮ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። መሐል ሜዳ ከተማ ያለች አንዲት የጤና ባለሙያ ብታማክራት፣ ትንሽ ዕቃ ውስጥ የተጠቀለለ የጥርስ ክር ሰጠቻት። ለአርባ አንድ አፍ ስንት ቀን ይዘልቃል? አንድ ሳምንትም አልሞላው።

ከዚያ በኋላ ፍለጋ ሆነ። የልብስ መስፊያ ክር ሞከረች፤ ድድ ይቆርጣል። ወላጆች «ክር ከሆነማ የኛ ሥራ ነው» ብለው የበግ ፀጉር ፈትል ላኩላት፤ እሱም አፍ ውስጥ እየተበተነ ልጁን ሁሉ «እክ! እክ!» አሰኘው። መላውን ያመጣችው የጽናት እናት እታገኝ ናት። እታገኝ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትሠራለች። «ምን ያስጨንቅሻል? ቀጭን የጥጥ ፈትል በሰም እሺው፤ አይበተንም፣ አይቆርጥም» አለቻትና ራሷ እያሸች በየሳምንቱ ትልክላት ጀመር።

ራውዳ የበግ ፀጉሩንም አልጣለችውም። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋ ፊት ለፊት ታስቀምጣለች። አንዱ ጣቶቹን ገጥሞ እንደ ጥርስ ያቆማል፤ ሌላው ፈትሉን በጣቶቹ መካከል ያመላልሳል። በጣት ሲለምዱ ወደ አፍ ይሻገራሉ። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ለብቻው አይችለውምና እሷ ከኋላ ቆማ፣ አገጫቸውን ደግፋ፣ እጃቸውን በእጇ ይዛ ትመራቸዋለች። እየሠሩም እንዲህ ይላሉ፦

«ቀስ ብለህ ግባ፣
ጥርሷን እቀፋት፣
አንድ ጫፍ ልቀቅ፣
በጎን ውጣላት!»

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ክፍሉ በጩኸት ይናጋል፤ ራውዳ አጥብቃ ያስተማረችው እሱን ነውና። ክሩ ከያዛችሁ አትታገሉት፤ አንዱን ጫፍ ለቃችሁ በጎን ሳቡት።

ማተብ ግን ጫፍ የለውም። ዙሪያውን የታሰረ ነው።

በዚያ ረቡዕ በዕረፍት ሰዓት ጽናት ቆሎዋን ቆረጠመች፤ ገለፈት ገባባት። ክር የሚታደለው ከዕረፍት በኋላ ነው። ልጅ ምኑን ይታገሣል? ማተቧን ወደ አፏ ጎተተችና በጥርሶቿ መካከል አስገባችው። ቋጠሮው ከጥርሶቿ ወዲያ አለፈና እዚያው ቀረ። ለማውጣት ስትስበው ጭራሽ ተሰነቀረ፤ በምራቅ ሲርስ ደግሞ አበጠ።

ራውዳ ያላደረገችው የለም። ቋጠሮውን በጣቷ ልትገፋው ሞከረች፤ ልጅቱ ደንግጣ ነከሰቻት። በራሷ ላይ ልታወልቀው ሞከረች፤ ጠባብ ነው። የሌሎቹ መምህራን ሕንፃ ከሜዳው ማዶ ነው፤ ርእሰ መምህሩ አቶ አፈወርቅ ለስብሰባ መሐል ሜዳ ወርደዋል። በቅርብ ያለው የበሩ ጥበቃ ዳኜ ብቻ ነበር።

«ዳኜ! ድረስልኝ!»

ዳኜ እየሮጠ መጣ። መቀሱን ዘረጋችለት።

«ቁረጠው።»

«ማተቡን?» አለና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አንተ ክርስቲያን ነህ። ከኔ እጅ ያንተ ይሻላል። ቶሎ በል!»

«እመብርሃንን! የሰው ልጅ ማተብ አልቆርጥም። እናቷ ትጠራ። ቄስ ይሥሐቅ ይጠሩ።»

«እነሱ እስኪመጡስ?»

«እሮጣለሁ!» አለና ሮጠ። መሮጡንስ ሮጠ፤ ወዴት እንደሮጠ የታወቀው ግን በኋላ ነው።

ራውዳ ከልጅቱ ጋር ቀረች። ብትቆርጠው ምን እንደሚባል አሳምራ ታውቃለች። ማተቡን በጠሰ ማለት ሃይማኖቱን ካደ ማለት በሆነበት አገር ነው ያለችው። በዚህ ዘመን ደግሞ እሳት ለማንደድ ክብሪት አያስፈልግም፤ ወሬ ይበቃል። ካልቆረጠችውስ? ጽናት ተንሰቀሰቀች፤ ክሩ ጉሮሮዋ ላይ ገባ፤ ትንፋሿ አንዴ ቆም ብሎ ተመለሰ። የልጅቱ ዓይኖች በፍርሃት ፈጠው ራውዳን ያያሉ።

«ቢስሚላህ» አለች ራውዳ፤ ቆረጠችው። አንዴ ከጉንጯ ውጪ፣ አንዴ ከጆሮዋ ሥር። ከዚያ የቀረውን አንድ ጫፍ ይዛ በጎን ሳበችው። ቋጠሮው ከነደሙ ወጣ።

ጽናት እቅፏ ውስጥ ተወሽቃ አለቀሰች። ሲወጣላት ራውዳ ፊቷን እያበሰች ጠየቀቻት።

«የኔ እናት፣ ማተብ አፍ ውስጥ ይገባል? ማን አሳየሽ?»

ልጅቱ በሩን አየች፤ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«አባባ። ሥጋ ሲበላ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል። አንቺም እንዳትነግሪ።»

አባባ ማለት የእታገኝ አባት ጋሽ ኪዳነ ናቸው። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ የተጣላ አስታራቂ። የአገሩ የጋራ ሣር ምድር ጓሳ ከግጦሽና ከአጨዳ በሚከለልበት ጊዜ ሣር ሲያጭድ የተያዘውን የገዛ ወንድማቸውን ልጅ፣ እንደ ማንም ሰው በሸንጎ ያስቀጡ ሰው ናቸው። በሳቸው ፊት የሚያጎነብስ እንጂ ጣቱን የሚቀስር አልታየም።

ራውዳ የተቆረጠውን ማተብ በንጹሕ መሐረብ ጠቀለለችና ጽናትን በእጇ ይዛ ወደ እታገኝ ቤት ሄደች። መንገዱን ሁሉ አንድ ክፉ ሐሳብ ሲከተላት ነበር፤ «ቋጥሪና መልሰሽ እሰሪላት፣ ማን ያያል?» የሚል። አልሰማችውም። እታገኝ የልጇን አንገት ባዶ ስታይ እጇ ደረቷ ላይ ቀረ።

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ።» እንዴት እንደሆነ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጽናት በጆሮዋ ካለቻት በቀር።

እታገኝ መሐረቡን ተቀበለች። አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። «ዛሬ ሂጂልኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «አባቴ ሳይመጣ ሂጂ።» ከጩኸት ይልቅ ይህ ራውዳን አስፈራት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ዳኜ ሆዬ የሮጠው መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ኖሯል። እኩለ ቀን ላይ «እስላሟ መምህርት የጽናትን ማተብ በጠሰች» ሆነ። አመሻሹ ላይ «የልጆቹን ማተብ እየቆረጠች ትሰበስባለች» ሆነ። ማታ ደግሞ አንዷ ብልኅ «ታዲያ ያን ሁሉ ክር አፋቸው ውስጥ የምታመላልሰው ለምን መሰላችሁ?» አለች፤ ምን ለማለት እንደፈለገች ባይታወቅም ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በነጋታው ከአርባ አንዱ ልጅ ኦ-ክፍል የመጡት ስድስት ነበሩ። እነሱም አፋቸውን ከድነው ተቀመጡ።

አቶ አፈወርቅ ከመሐል ሜዳ ሲመለሱ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ጎመን በጤና ባይ ሰው ናቸው፤ ክፋት የላቸውም፣ ወገብም የላቸውም።

«የዝውውር ማመልከቻ ነው» አሉ ዓይኗን ሳያዩ። «በራስሽ ፈቃድ የጠየቅሽው ይመስላል። ብትፈርሚ ነገሩ ይበርዳል።»

«ኦ-ክፍሉስ?»

«ሌላ መምህር እስኪመጣ ይዘጋል። ምን ይደረግ?»

«ወላጆቹን ሳላናግር አልፈርምም» አለች። ወረቀቱንም መልሳ ወደ እሳቸው ገፋችው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወላጆቹ ኦ-ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ብዙው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ተደግፎ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። እታገኝ ጽናትን እግሯ ሥር አስቀምጣ ከጥግ ናት። ጋሽ ኪዳነ ከፊት ቆሙ፤ አጠገባቸው ቄስ ይሥሐቅ። ራውዳ በሰሌዳው በኩል ብቻዋን ነበረች። ሰላምታዋን የመለሰላት ሦስት ወይ አራት ሰው ቢሆን ነው።

«ማተቡን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?» አሉ ጋሽ ኪዳነ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ክፍሉ ተንጫጫ። እሳቸው ዱላቸውን ከፍ ሲያደርጉ ዝም አለ። ራውዳ የሆነውን ተናገረች፤ ቋጠሮውን፣ የልጅቱን ትንፋሽ፣ ዳኜን። የዳኜ ስም ሲነሳ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ፤ ዳኜ ጫማውን ያይ ጀመር።

ቄስ ይሥሐቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሕፃን ልትታነቅ ስትል የተቆረጠ ማተብ በደል አይሆንም። ጸሎት አድርጌ ሌላ አስሬላታለሁ። ማተብን እንደ ገለባ አፍ ውስጥ መክተት ግን ሕፃኗ ከየት ተማረች? እኔን ያሳሰበኝ ይኸ ነው።»

«ከሷ ነዋ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ክር አፍ ውስጥ መክተትን ማን አመጣብን?»

«እውነቱን ነው!» አሉ ብዙዎች።

ጋሽ ኪዳነ አንድ እርምጃ ቀረቡ። «መልሺ። ማተብ የጥርስ ማጽጃ ነው ብለሽ አስተምረሻል?»

«አላስተማርኩም።»

«ታዲያ ማን አስተማራት?»

መልሱ ራውዳ ምላስ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው። «እርስዎ» ብትል ሁሉም ያበቃል። ግን ማን ያምናታል? ቢያምናትስ፣ ማረጋገጫው ማን ነው? ጽናት ናት። የስድስት ዓመት ልጅ በስልሳ ሰው ፊት ቆማ በአያቷ ላይ ልትመሰክር ነው። ቀጥሎስ ምን ይባላል? እንግዳ መጥታ፣ የአገሩን ሽማግሌ በማተቡ አዋረደች። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ራውዳ እኚህን ሰውዬ ትወዳቸው ነበር። የመጀመሪያው ክረምት የገብስ ገለባ ፍራሽ አሸክመው የላኩላት እሳቸው ናቸው።

«እሱን እኔ አልናገርም» አለች።

«ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«አውቃለሁ።»

ቤቱ ፈነዳ። «ካወቅሽ ተናገሪ!» «የደበቀችው ራሷ ስለሆነች ነው!» «ትሂድልን!» አንዲት ሴት «ልጆቻችንን እናስወጣለን» ብላ ጮኸች። አቶ አፈወርቅ ይህን ሲጠብቁ እንደቆዩ ሁሉ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ እስክሪብቶም አቀበሏት። «ይበቃል እንግዲህ፣ መምህርት። ለራስሽም ለኛም» አሉ።

ራውዳ እስክሪብቶውን ተቀበለች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። ጋሽ ኪዳነ ከረቡዕ ጀምሮ ጥያቄውን ሲጠይቁ እንጂ ራሳቸውን ሲጠይቁ አልነበሩም። አሁን ግን አንድ ነገር አዩ። ይቺ መምህርት ሰሌዳውን አይታለች፣ ቄሱን አይታለች፣ የሚሰድቧትን አንድ በአንድ አይታለች፤ እሳቸውን ግን ጥያቄው ከተጠየቀ ወዲህ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ሆን ብላ ነው። ወደ ጥጉ ዞሩ። ጽናት በእናቷ ነጠላ ፊቷን ሸፍና በአንድ ዓይኗ አያቷን ታያለች፤ ወዲያው ዓይኗን ሸሸገች። የጋሽ ኪዳነ እጅ ሳያዙት ወደ አንገታቸው ሄደ።

እስክሪብቶው ወረቀቱን ነክቷል። ጋሽ ኪዳነ ዝም አሉ። «ራ» ተጻፈ። አሁንም ዝም አሉ።

«ተይው» አሉ።

ሰው ስላልሰማቸው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ተይው አልኩ! እስክሪብቶውን አስቀምጪ።»

ጋቢያቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉና ማተባቸውን አወጡ። ከቋጠሮው ዝቅ ብሎ ያለው ክር ተበጣጥሶ፣ ተላልጦ፣ ሳስቷል። በሁሉም ሰው ፊት ያዙት።

«ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሥጋ ጥርሴ ውስጥ ሲገባ በዚህ አወጣለሁ። ልጅቷ አየችኝ፤ እንዳትናገሪ አልኳት።»

የሳቀ የለም። ቄስ ይሥሐቅ መሬት መሬቱን አዩ፤ «ሰኞ ጠዋት ይምጡና እንነጋገራለን» ብቻ አሉ። ዳኜ በሩን ከፍቶ መጀመሪያ ወጣ። ሌላው ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ሳይነጋገር፣ ተከተለው። አንዳንዱ በራውዳ አጠገብ ሲያልፍ «ደህና ዋይ» አላት፤ አንዳንዱ ያን እንኳ ማለት አፈረ። እታገኝ ግን እጇን ጨብጣ ሳትለቅ ቆይታ፣ ልጇን ይዛ ወጣች። አቶ አፈወርቅ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ጋሽ ኪዳነ አልሄዱም።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ይናገሩት ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ባልናገርስ?»

«እፈርም ነበር።»

ሽማግሌው ማተባቸውን ወደ ደረታቸው መለሱና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ማንም ያልጠየቃቸውን ተናገሩ።

«አልናገርም ብዬ ነበር እኮ፣ ልጄ። አንቺ መጻፍ ስትጀምሪ አውቄዋለሁ። አውቄ ዝም አልኩ። አንድ ፊደል እስክትጽፊ ድረስ ዝም አልኩ።»

«አይቻለሁ» አለች ራውዳ።

ከዚያ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ፊት ያላፈሰሰችውን እንባ፣ ትንሿ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ፣ አፏንም ሳትሸፍን አለቀሰችው። ጋሽ ኪዳነ አጠገቧ ያለችውን የሕፃን ወንበር ሳቡና፣ ጉልበታቸው ደረታቸው እስኪደርስ ተኮራምተው ተቀመጡ፤ ልቅሶዋን እስክትጨርስም ጠበቋት።